የተዘጋው ጂምና የዓመት ክፍያችን፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ መሀል፣ በካዛንቺስና በዑራኤል መካከል በሚገኝ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ጂም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ የስድስት ወርና የዓመት ክፍያ ቀድመው የከፈሉ አባላት ገንዘባቸውን ለማስመለስ የሄዱበትን መንገድ ይመዘግባል። እኔም ከአባላቱ አንዱ ነበርኩ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ የከፋዮቹን ሠንጠረዥና የሰነዱን ፋይል የያዝኩት እኔ ነኝ። የጂሙን፣ የባለቤቱንና የአባላቱን ስም አልጠቅስም፤ ጉዳዩ በከፊል ገና በአፈጻጸም ላይ ነው፣ ስሙም ለአንባቢ የሚጨምረው ነገር የለም።

ከመዘጋቱ በፊት የነበረው ሁኔታ

ጂሙ ወደ አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሠርቷል። አባላቱ በአብዛኛው በአካባቢው መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ፣ ጠዋት ከሥራ በፊት ወይም ማታ ከሥራ በኋላ የሚመጡ ደመወዝተኞች ነበሩ። የወር ክፍያው 2,500፣ የስድስት ወሩ 11,000፣ የዓመቱ 18,000 ብር ሲሆን ሁሉም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል። ዓመቱን ሙሉ በየወሩ የሚከፍል ሰው 30,000 ብር ስለሚያወጣ፣ ቀድሞ የከፈለ 12,000 ብር ይተርፈዋል፤ ብዙዎቻችንን የሳበን ይህ ልዩነት ነበር።

በሒሳብ አያያዝ ደንብ ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ አገልግሎቱ እስኪሰጥ ድረስ የድርጅቱ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል፤ ወደ ገቢ የሚዞረው አገልግሎቱ በተሰጠ መጠን በየወሩ ነው። ይህን ለሌላ ሰው በየቀኑ የማስረዳ ሰው፣ የራሴን 18,000 ብር መስከረም 10 ቀን ስከፍል ለጂሙ ያለ ወለድና ያለ መያዣ ማበደሬ እንደሆነ አላሰብኩም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በኮሪደርና በመልሶ ማልማት ሥራ ምክንያት ሲነሣ፣ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ነገሩ ወደ እኛም ሕንፃ ይደርስ እንደሆነ ሥራ አስኪያጁን ጠይቀው ነበር። የተሰጣቸው መልስ ሕንፃው እንደማይነካ የሚገልጽ ነበር፤ ይህ መልስ እውነት ሆኖ ተገኝቷል፣ ሕንፃው እስከ ዛሬ ቆሟል። በዚያው ሰሞን፣ ከጳጉሜን እስከ መስከረም መጨረሻ፣ ለዓመት ለሚከፍል ሰው ነፃ የሳውና ካርድና ካናቴራ የሚሰጥ የአዲስ ዓመት ማስታወቂያ በበሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። የማስታወቂያው ጊዜ በኋላ ለክርክሩ ወሳኝ ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበለው።

በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ሰኞ ታኅሣሥ 14 ቀን ከንጋቱ 12፡30 ላይ ስንደርስ የብረት በሩ ተዘግቶ፣ በአራት ማዕዘኑ በቡናማ ፕላስተር የተለጠፈ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አገኘን። «ለእድሳት ለጊዜው ተዘግቷል፤ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። ቀን፣ ማኅተምና ስልክ ቁጥር የለውም። የሕንፃው ጥበቃ ስለ እድሳቱ ስንጠይቃቸው «እኔም እንደናንተው ያነበብኩት ነው» አሉን። ሥራ አስኪያጁ በዚያን ዕለት ስልክ አንሥቶ ከገና በፊት እንደሚከፈት ነገረን። ከሦስት ቀን በኋላ ስልኩ መጥራት አቆመ።

አንዲት አባል ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታው ነበር። በሳምንቱ ወረቀቱ ከበሩ ላይ ተነሥቶ ስለጠፋ፣ ጂሙ በየትኛው ቀን አገልግሎት እንዳቋረጠ የሚያሳየው ቀዳሚ ማስረጃ ያ ፎቶ ሆነ።

ያልሠሩት የመጀመሪያ እርምጃዎች

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያደረግናቸው ነገሮች ከሞላ ጎደል ፍሬ አላፈሩም። በሁለት ቀን ውስጥ የተከፈተው የቴሌግራም ግሩፕ ከ160 በላይ ሰው ሰበሰበ፤ ግን አብዛኛው መልእክት ስድብና ግምት ነበር። አንድ ሰው የባለቤቱን መኖሪያ ቤት ፎቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ። ፎቶው እንዲነሣ አድርገናል፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ራሱ በስም ማጥፋት ወይም በማስፈራራት ተከሳሽ የሚሆንበትን በር መክፈት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ሥራ አስኪያጁም ግሩፑ ውስጥ ገብቶ ስለነበር የምንነጋገረውን ሁሉ ያነብ እንደነበር ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ሦስት ሰዎች ወደ ፖሊስ ሄደው ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር እንደሆነ ተነግሯቸው ተመለሱ። በባንክ ያስተላለፈች አንዲት አባል ገንዘቡ እንዲመለስላት ባንኳን ጠይቃ፣ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደማይቻል ተገለጸላት። የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታችንን በጽሑፍ ተቀብሎ ባለቤቱን ጠርቶ አነጋግሯል፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። ሆኖም ይህኛው እርምጃ ከንቱ አልነበረም፤ ባለቤቱ የንግድ ፈቃዳቸውን ለመመለስ ሂደት ጀምረው ስለነበር፣ በፋይላቸው ውስጥ የአባላት አቤቱታ መኖሩ እንዳሳሰባቸው በኋላ በማስማማቱ ጊዜ ራሳቸው ተናግረዋል።

ሰነድ መሰብሰብ

ከግሩፑ 160 ሰው መካከል ስሙን፣ የከፈለበትን ቀንና መጠን በጽሑፍ ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነው 41 ሰው ብቻ ነው። ከእነዚህ 27ቱ ከካሽ ሬጅስተር የወጣ ደረሰኝ ነበራቸው፤ 7ቱ በቴሌብር ወደ ሥራ አስኪያጁ የግል ስልክ የላኩ ነበሩ፤ የቀሩት 7ቱ በጥሬ ገንዘብ ከፍለው ደረሰኝ ያልተቀበሉ ወይም የጣሉ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሰባት በመጀመሪያው ሳምንት እውነቱን ነግሬ አሰናበትኳቸው። ከባዱ ሥራ ይህ ነበር፤ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ «ደረሰኝ መጠየቅ ሰውየውን መጠርጠር መስሎኝ ነው ልጄ» አሉኝ።

ደረሰኝ ያላቸውም ቢሆኑ ሁሉም ያለ ችግር አልነበሩም። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ሙቀት፣ ብርሃንና ላብ ያጠፉታል። አንድ ወጣት ደረሰኙን ለስምንት ወር በስፖርት ቦርሳው ኪስ፣ ከእርጥብ ፎጣው ጎን ይዞት ነበር። ዘርግቶ ሲሰጠኝ ከላይ የድርጅቱ ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት፣ ከታች «አመሰ» የሚል ቁራጭ ብቻ ቀርቶ፣ መሀሉ ነጭ ነበር። እንዲህ የደበዘዙ አራት ደረሰኞች ነበሩ። ሁለቱ በከፈሉበት ቀን በስልክ የተነሣ ፎቶ ስለነበራቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ክፍያው በድርጅቱ የባንክ ሒሳብ የገባ በመሆኑ በባንክ መግለጫ ተተክተው ዳኑ።

ከደረሰኙ ቀጥሎ የጠቀመን የአባልነት ካርዱ ነው። ደረሰኙ ላይ «የጂም አገልግሎት» ከሚል በቀር የአገልግሎቱ ዘመን አልተጻፈም። ካርዱ ግን የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን ይዟል፤ የእኔው ከመስከረም 10 ቀን 2017 እስከ መስከረም 9 ቀን 2018 ይል ነበር። ባለቤቱ በኋላ «ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ወር፣ 360 ቀን ነው፤ ጳጉሜን አይቆጠርም» ብለው ሲከራከሩ፣ ካርዱ ላይ ያለው ቀን ነገሩን በአንድ ደቂቃ ዘጋው።

ባለዕዳው ማን ነው?

በበሩ ላይ ያለው ስም፣ በካናቴራው ላይ ያለው ስምና በደረሰኙ ራስጌ ላይ ያለው ስም ሦስቱም የተለያዩ ነበሩ። ክስ የሚቀርበው በሕግ ሰውነት ባለው አካል ላይ በመሆኑ፣ የያዝነው በደረሰኙ ላይ የታተመውን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። በዚህ ቁጥር የንግድ ፈቃዱን በበይነ መረብ ፈልገን፣ ጂሙ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ንብረት መሆኑንና ፈቃዱ በዚያን ጊዜ ገና አለመሰረዙን አረጋገጥን።

ይህ መረጃ ደስም፣ ስጋትም ፈጠረብን። ደስታው የሚከሰስ አካል በመገኘቱ ነው። ስጋቱ ደግሞ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ባለአክሲዮኖች በመርህ ደረጃ ከመዋጯቸው በላይ በግል ንብረታቸው ለማኅበሩ ዕዳ የማይጠየቁ በመሆኑ ነው። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ሱቅ እንዳላቸው ብናውቅም ሱቁ ለእኛ ዕዳ መያዣ አይሆንም። ማኅበሩ ያለው ሀብት በሦስተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ዘጠኝ የመሮጫ ማሽኖች፣ ክብደቶቹና ሳውናው ብቻ ነበሩ። ከእኛም በፊት የሚሰለፉ ነበሩ፤ አምስት አሠልጣኞችና ሁለት የጽዳት ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። አከራዩም የሁለት ወር ኪራይ ይጠይቁ ነበር። እኛ መያዣ የሌለን ተራ ገንዘብ ጠያቂዎች ነበርን።

ማስጠንቀቂያው

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን ተዋዋዩን አስቀድሞ በማስጠንቀቂያ እንዲጠይቅ ያዛል። ታኅሣሥ 30 ቀን፣ በገና ማግስት፣ የ27ቱን ስም፣ የእያንዳንዱን ቀሪ ገንዘብና የ10 ቀን ጊዜ ገደብ የያዘ ደብዳቤ በሁለት መንገድ ላክን፤ አንዱ በአደራ ደብዳቤ በደረሰኙ ወደተጻፈው አድራሻ፣ ሌላው በእጅ ወደ ባለቤቱ ሱቅ። ሱቁ ውስጥ የነበረች ሠራተኛ ቅጂው ላይ ፈርማ ተቀበለች። የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጂሙን በተወሰነ ቀን ይክፈቱ ወይም የቀሪውን ዘመን ክፍያ ይመልሱ። ስለ ሞራል ጉዳት፣ ስለ ታክሲ ወጪ፣ ስለ ሌላ ጂም ዋጋ አንድም ቃል አልጨመርንም። አንዳንዶቹ አባላት ቅር ቢላቸውም፣ ደብዳቤው አጭርና ቁጥሩ በአንድ ገጽ የሚታይ በመሆኑ እስከ መጨረሻው ድረስ ሳንለውጠው ሠርቶልናል።

መልስ አልመጣም።

የቃና ዘገሊላው አይሱዙ

ጥር 12 ቀን፣ ሰዉ ሁሉ በበዓል ላይ ሳለ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ የሕንፃው ጥበቃ ለአንዱ አሠልጣኝ ደወሉ፤ አይሱዙ መጥቶ ማሽኖቹ እየተጫኑ ነው አሉ። አሠልጣኙ ለእኔ ደወለ። አራት ሆነን ስንደርስ ሁለት የመሮጫ ማሽኖች መሬት ወርደው በካርቶን ተጠቅልለው ነበር፤ የሕንፃው አስተዳዳሪም ኪራይ ሳይከፈል ዕቃ አይወጣም ብለው የግቢውን በር ዘግተዋል። ባለቤቱ እዚያው ቆመው ነበር። ከተዘጋ በኋላ ፊት ለፊት ስናገኛቸው ያ የመጀመሪያችን ነው።

ማንም አልጮኸም። ዕቃውን የምንይዝበት ሥልጣን እንደሌለን አውቀን፣ ያለውን ብቻ ፎቶ አንሥተን ቆጠርን። በዚያች ሌሊት የተነሣው የማሽኖቹ ዝርዝርና ፎቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከክሱ ጋር ለቀረበው፣ ንብረቱ ከፍርድ በፊት እንዲከበር፣ ማለትም እንዳይሸጥ ታግዶ እንዲቆይ ለሚጠይቀው ማመልከቻ አባሪ ሆነ። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፤ ማሽኖቹ በዚያች ሌሊት ያልወጡት በአከራዩ ጥቅም ምክንያት እንጂ በእኛ ጥረት አይደለም። አከራዩ ኪራያቸውን አስቀድመው ተቀብለው ቢሆን ኖሮ ይህን ጉዳይ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ክስና ማስማማት

በመጀመሪያ ሁሉም ለእኔ ውክልና እንዲሰጡኝ አስበን ወደ ውልና ማስረጃ ልንሄድ ነበር። ያማከርናት ጠበቃ ግን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ከጠበቃ ውጭ በፍርድ ቤት ሰውን ወክሎ መከራከር የሚችለው የቅርብ ዘመድ መሆኑን ነገረችን። ስለዚህ ውክልናው ለእሷ ተሰጠ። 27 ሰው በሥራ ቀን ማሰለፍ ከክሱ ሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደ ሥራ ነው፤ ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል።

ክሱ ጥር 26 ቀን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ቀረበ። 27ቱ ከሳሾች በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 መሠረት በአንድ መዝገብ ተጣመሩ። ጠቅላላ የተጠየቀው 248,610 ብር ነው። በተናጠል ብንሄድ የእያንዳንዳችን ገንዘብ ለጠበቃ እንኳ የሚበቃ አልነበረም፤ በአንድ መዝገብ በመሆኑ ግን የጠበቃ፣ የዳኝነት፣ የውክልናና የቅጂ ወጪ ተጠቃሎ ለአንድ ሰው 1,200 ብር ደረሰ። ንብረት የማስከበሩ ማመልከቻ ትእዛዝ ሳይሰጥበት፣ ተከሳሹ መልስ ካቀረበ በኋላ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት መር ማስማማት ተመራ።

የአከራዩ ደብዳቤ

የተከሳሹ መልስ ዋና ነጥብ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት የሚል ነበር። ድርጅቱ በአካባቢው በተካሄደው የልማት ሥራ ምክንያት ቦታውን ለመልቀቅ ስለተገደደ ኃላፊነት የለበትም ይላል። ለዚህ ማስረጃ የአከራዩ ደብዳቤ ተያይዟል። ጠበቃችን መልሱን አንብባ ስትጨርስ ደብዳቤውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን ቀን በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችኝ። ነሐሴ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ይላል። ይዘቱም የኪራይ ውሉ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲያበቃ እንደማይታደስ ከማሳወቅ በቀር ስለ ልማት አንድም ቃል የለውም።

ከ27ቱ ከሳሾች 15ቱ የከፈልነው ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ነው። የካናቴራውና የሳውናው ማስታወቂያ የተለጠፈው ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሚለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ፈጽሞ የሚከለክለውን ነገር ነው፤ ቁጥር 1793 ከሚዘረዝራቸው መካከል ውሉን ለመፈጸም የሚከለክል የመንግሥት ክልከላ አለ። የኪራይ ውል ማብቂያ ቀንን ከአራት ወር ገደማ በፊት በጽሑፍ የተነገረው ሰው ከሁለቱም አይገባም።

ይሁንና ጠበቃችን ሌላ ነጥብ አከለች፤ በእኔ አስተያየት ከጉዳዩ ሁሉ ለሌሎች የሚጠቅመው ይህ ነው። ሕንፃው እውነት ፈርሶ፣ ጂሙ ያለ ባለቤቱ ጥፋት ተዘግቶ ቢሆን እንኳ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ባለዕዳውን የሚያድነው ከኪሣራ ነው። ያልሰጠውን አገልግሎት ዋጋ ይዞ እንዲቀር መብት አይሰጠውም። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች ከውሉ በፊት ወደነበሩበት እንዲመለሱ የሚያዘው ቁጥር 1815 ለብቻው ይሠራል። በዚያ ዓመት በአካባቢያችን በልማቱ የተነሡ ሌሎች ንግዶች ደንበኞች «መንግሥት ነው ያስነሣን» የሚለውን መልስ ሰምተው ዝም ሲሉ አይቻለሁ፤ ገንዘቡ ከጥፋተኝነት ጋር የተያያዘ መስሏቸው ነው።

ጉዳዩ በስምምነት ስላለቀ ፍርድ ቤቱ በዚህ ክርክር ላይ አልወሰነም። ነገር ግን በሁለተኛው የማስማማት ቀን የደብዳቤው ቀን ከተነሣ በኋላ ባለቤቱ ስለ ልማቱ ዳግመኛ አላነሡም።

በቀን ወይስ በወር?

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ወደ ስሌት ዞረ። እኛ የጠየቅነው በቀን ነው፤ የተከፈለው ዋጋ ለ365 ተካፍሎ በቀሩት ቀናት ይባዛል። የእኔ ከመስከረም 10 እስከ ታኅሣሥ 13 ድረስ 94 ቀን ተጠቅሜ 271 ቀን ቀርቶኛል፤ ስለዚህ 13,364.38 ብር። ባለቤቱ ግን ቅናሹ የተሰጠው ዓመቱን ለሚጨርስ ስለሆነ የተጠቀምንበት ጊዜ በወር ዋጋ በ2,500 ብር ይታሰብና ቀሪው ይመለስ አሉ። በእሳቸው ስሌት የሦስት ወር ከአራት ቀን ዋጋ 7,833.33 ብር ተቀንሶ ለእኔ 10,166.67 ብር ይደርሰኛል።

ሐሳቡ መጀመሪያ ሲሰማ ሚዛናዊ ይመስላል። አንዳንዶቻችን ተቀብለን ለመገላገል ፈልገንም ነበር። ስሌቱን በ27ቱም ላይ ስሠራው ግን ሌላ መልክ አወጣ። ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ለዓመት የከፈለች አንዲት ነርስ 245 ቀን ተጠቅማ 120 ቀን ቀርቷታል፤ በቀን ስሌት 5,917.81 ብር ይመለስላታል። በባለቤቱ ስሌት ግን የስምንት ወር ዋጋ 20,000 ብር ስለሚሆን፣ አራት ወር ያልተጠቀመችበት ክፍያ እያላት ተመላሽ አይኖራትም፤ እንዲያውም 2,000 ብር ባለዕዳ ትሆናለች። ይህችን አንዲት ረድፍ በወረቀት አውጥቼ ለአስማሚው ሰጠሁ። ዘመኑን ያቋረጠው ደንበኛው ቢሆን የባለቤቱ ስሌት ክርክር ሊሆን ይችላል፤ ያቋረጠው ሻጩ ሲሆን ግን ቅናሹን ወደ ኋላ መሰረዝ አያስኬድም። የቀን ስሌቱ ጸደቀ፤ በምትኩ እኛ የ9 በመቶ ሕጋዊ ወለዱንና የወጪ ጥያቄያችንን ተውን።

ባለቤቱ ሊዘርፉን ያሰቡ ሰው አይመስሉኝም። በመስከረም ከእኛ የሰበሰቡትን በጥቅምትና በኅዳር ለደመወዝና ለኪራይ የከፈሉ፣ ሌላ ቦታ አገኛለሁ ብለው ቀኑ የደረሰባቸው ነጋዴ ናቸው። ይህ ለገንዘቡ ለውጥ ባያመጣም፣ ለንግግሩ ግን ለውጥ አምጥቷል፤ ከሦስተኛው ስብሰባ በፊት የማሽኖቹን ገዢ ያገኘው ከአሠልጣኞቹ አንዱ ነው።

ውጤቱ

ስምምነቱ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ተፈርሞ በፍርድ ቤቱ ተመዘገበ። ማሽኖቹ ለሌላ ጂም ተሸጡ፤ ከሽያጩ በቅድሚያ የሠራተኞቹ ደመወዝና ኪራዩ ተከፈለ። ለእኛ 60 በመቶው፣ ማለትም 149,166 ብር፣ በሚያዝያ 30 በቀኑ ገባ። ቀሪው 99,444 ብር በሐምሌ 30 ሊከፈል ነበር፤ የገባው ግማሹ ብቻ ነው። እስካሁን በጠቅላላው 198,888 ብር፣ የተጠየቀው 80 በመቶ፣ ተመልሷል።

ለእኔ የደረሰኝ 10,691.50 ብር ሲሆን 1,200 ብር ወጪው ሲቀነስ 9,491.50 ብር ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ካቀረቡት 10,166.67 ብር ያንሳል። ይህን ያስተዋለ አንድ ባልደረባዬ ስቆብኛል። ሆኖም የመጀመሪያው ሐሳብ የመክፈያ ቀን አልነበረውም፤ «ስንሸጥ» የሚል ነበር። የተመዘገበው ስምምነት ግን እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ለሌላ ጉዳይ የሚተርፉ ነገሮች

ሌላ ሰው ተመሳሳይ ነገር ቢደርስበት እኔ የማደርገውን ልናገር። በመጀመሪያው ቀን የበሩን ማስታወቂያ ፎቶ አነሣለሁ፤ ደረሰኜንም በከፈልኩበት ቀን ፎቶ አንሥቼ ዋናውን ከሙቀትና ከላብ አርቃለሁ። ግሩፕ ከመክፈት በፊት በደረሰኙ ላይ ያለውን ስምና መለያ ቁጥር አጣራለሁ፤ ተቀባዩ ግለሰብ ከሆነ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ እንዲዞር ከመክፈሌ በፊት እጠይቃለሁ። ጊዜ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ የንግድ ፈቃዱ ሳይመለስና ዕቃው ሳይወጣ የቀረበ አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ከስድስት ወር በኋላ ከሚቀርብ ጠንካራ ክስ ይሻላል። አከራዩን፣ ጥበቃውንና ሠራተኞቹን እንደ ተቃራኒ ወገን መቁጠርም ስሕተት ነው፤ ከእኛ በፊት የሚከፈላቸው ቢሆኑም፣ ዕቃው የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በስምምነቱ ላይ የሠራነው ትልቅ ስሕተት የሁለተኛውን ክፍያ ቀን በሐምሌ 30 ማድረጋችን ነው። ፍርድ ቤቶች ለክረምት ዕረፍት የሚገቡበት ዋዜማ በመሆኑ፣ ክፍያው ሲጓደል አፈጻጸም ለመክፈት እስከ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. መጠበቅ ግድ ሆነ። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ የማሽኖቹ ሽያጭ ቀሪ ገንዘብ የት እንደደረሰ ለማወቅ አልተቻለም። ሁለተኛውን ክፍያ ወደ ሰኔ ማምጣት ወይም ቼክ መያዝ ይቻል ነበር፤ በዕለቱ ደክሞን ስለነበር ቀኑን ያየ ሰው አልነበረም።

በቴሌብር የከፈሉት

ወደ ሥራ አስኪያጁ የግል ስልክ ከላኩት ሰባት ሰዎች አራቱ የአባልነት ካርድ ነበራቸው፤ የካርዳቸው ቁጥርም አሠልጣኞቹ በያዙት የመገኘት መዝገብ ላይ በየቀኑ ተጽፎ ተገኘ። ባለቤቱ ገንዘቡ እንዳልደረሳቸው ቢናገሩም አገልግሎቱ በድርጅታቸው መሰጠቱን መካድ ስላልቻሉ፣ ከክሱ ውጭ ለአራቱም የቀሪያቸውን ግማሽ ከፍለዋል።

ሦስቱ ግን ካርድ ሳይወጣላቸው የተዘጋባቸው፣ በኅዳር መጨረሻ የከፈሉ ናቸው። በእጃቸው ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ሲሆን፣ በመልእክቱ ላይ የተጻፈው የሥራ አስኪያጁ ስም ነው። በግል በእሱ ላይ ክስ ለማቅረብ አድራሻውን ፈልገው አላገኙትም። የሠንጠረዡ የመጨረሻ ሦስት ረድፎች እስከ አሁን ድረስ በቢጫ ቀለም እንደተቀለሙ አሉ።